ገበታው የማን ነው?

(ስለ ትንሽ ከተማ ምግብ ቤት በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በሥራ ምክንያት ከአገር አገር የሚዘዋወር ሰው ወደ አንድ ትንሽ ከተማ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚያውቀው ቢሮውን ወይም ትምህርት ቤቱን አይደለም፤ ምግብ ቤቱን ነው። የመንገዱን አቧራ አራግፎ ወይም የጫማውን ጭቃ ጠርጎ በበሩ ሲገባ፣ ከተማዪቱ በዚያች ቤት በኩል ትቀበለዋለች። ስለ ገበያዋ፣ ስለ ሹሞቿ፣ ስለ ዝናቧ የሚሰማው የመጀመሪያው ወሬ ከወጡ ጋር አብሮ ይቀርብለታል። መምህሩም፣ የጤና ባለሙያውም፣ የግብርና ሠራተኛውም፣ መንገድ ቀያሹም በዚህ በር ገብተው ያልበሉበት ጊዜ የለም። ይሁን እንጂ ስለ ትልልቆቹ ሆቴሎች ብዙ ሲጻፍ፣ ባለሙያውን በየአገሩ ያኖረው ትንሹ ምግብ ቤት ከወሬ አልፎ ለቁም ነገር የበቃበት ጊዜ ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግር ይህን ቤት ይመለከታል፤ ምሳሌውንም ከካፋ፣ በተለይም እንደ ቢታ ገነት ካለች ከተማ ይወስዳል።

ቢታ ገነት በካፋ ዞን የቢታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በምዕራብ በኩል ከሸካ ዞን ጋር ይዋሰናል። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ጅማን ካለፈ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቦንጋ ይደርሳል፤ ከቦንጋም ወደ ምዕራብ ይቀጥላል። አገሩ ደጋና ወይና ደጋ፣ ዝናቡ ብዙ፣ ምድሩ የእንሰት፣ የቡና፣ የማርና የኮረሪማ ምድር ነው። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2002 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል። ካፋ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ነው።

በእንዲህ ያለ ከተማ የሚገኝ ምግብ ቤት ከውጭ ሲታይ እጅግም አያስደንቅም። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ከበሩ በላይ በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ በሰሌዳው ላይ የበሬ ራስ ወይም በትሪ የቀረበ እንጀራ በቀለም ተሥሎ ይታያል። በደጃፉ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ከነሳሙናው ይቆማል። በውስጡ የእንጨት አግዳሚና የፕላስቲክ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። በስተኋላ ጓዳው፣ ከጓዳውም ወዲያ አልጋ የሚከራይባቸው ጥቂት ክፍሎች ይገኛሉ።

የምግቡን ዝርዝር ግን በወረቀት የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። እንግዳው፣ «ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አስተናጋጇም በአንድ ትንፋሽ፣ «ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ፍርፍር፣ ሽሮ፣ በያይነቱ አለ» ትለዋለች። ጥብስ ሲላት፣ ጥብሱ አሁን አልቋል። ቅቅል ሲላት፣ ቅቅሉ ገና አልበሰለም። በመጨረሻም ባለቤቲቱ ራሷ በጓዳው በር ብቅ ትልና እንግዳውን ከእግር እስከ ራሱ አይታ፣ «ከመንገድ ነው የመጡት፤ ትኩስ ሽሮ ይሻልዎታል» ብላ ትፈርዳለች። ፍርዷም ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዓቢይ ጾም 55 ቀናት የወጡ ዓይነት ይለወጣል። ገበያ በዋለበት ቀን ሥጋው ይበዛል፤ ዝናብ መንገዱን በቆረጠበት ቀን ደግሞ ያለው ነገር ሽሮ ብቻ ይሆናል። ቤቱ የማንም ኩባንያ ቅርንጫፍ ስላልሆነ ጠባዩን የሚያገኘው ከባለቤቲቱ ነው። አንዷ ቡና ሳያስጠጣች እንግዳ አታስወጣም፤ ሌላዋ የሚጮኽ ሰው ከቤቷ አታስቀምጥም፤ ሦስተኛዋ የጠረጴዛውን ሒሳብ ሁሉ በቃሏ ይዛ ስታበቃ አንድ ሳንቲም አትስትም። የእንዲህ ያለው ቤት ጣዕም ከዚህ ነው የሚመጣው።

በዚህ ቤት ውስጥ እጅግ የተከበረው ዕቃ ምጣዱ ወይም ድስቱ አይደለም፤ ደብተሩ ነው። ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ሊታይ ይችላል። ከጽሑፉ በታች ግን ደመወዝተኞቹ በወር ኮንትራት ይመገባሉ። ስማቸው በደብተሩ ይጻፋል፤ ምሳና እራት በቁጥር ይመዘገባል፤ ደመወዝ ሲወጣ ሒሳቡ ይዘጋል። ደመወዝ በዘገየ ጊዜ ባለቤቲቱ ጤፉንና ዘይቱን በራሷ ገንዘብ እየገዛች ሠራተኛውን ትመግባለች። በሌላ አነጋገር፣ መንግሥት ለሠራተኛው ሳይከፍል በቆየባቸው ሳምንታት የሥራውን ቀጣይነት በብድር የሚደግፈው የአንዲት ሴት ጓዳ ነው ማለት ይቻላል። ተዛውሮ ሲሄድ ዕዳውን ሳይከፍል በሌሊት የሚወጣ ባለሙያ፣ የሚያጎድለው የአንዲትን ሴት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ባልደረባው የሚታመንበትን ቃልም ይዞ ይሄዳል።

ይህ ቤት የአገሩ ጥንታዊ ልማድ አይደለም። በኢትዮጵያ ለእንግዳ ምግብ ማቅረብ ግዴታ፣ ምግብን በገንዘብ መሸጥ ግን ነውር ሆኖ የኖረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። መንገደኛ «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ከሰው ቤት ያድር ነበር። በታላላቆቹ ዘንድ ደግሞ መብል የማዕርግ መለያ ነበር። ነገሥታቱ በመጋረጃ ተከልለው ይበሉ ነበር፤ በቤተ መንግሥቱ ግብርም አስቀድሞ መኳንንቱ፣ ቀጥሎ እንደየማዕርጉ ሌላው ይገባ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደ በላ የታየ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቆሙ ጊዜ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ መብላትን አፍሮ እንደ ነበረና፣ ልማዱን ለማስጀመር ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ወስደው እንዳበሉ ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገድ በተሠራበት፣ መኪና በደረሰበት ሁሉ ምግብ ቤት ተከተለ። ከፍታ የሠራችውም አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች፣ ርስት የሌላት፣ ከእጇ ሙያ በቀር ሌላ መነሻ ካፒታል ያልነበራት ሴት። ይህ አዲስ ቤት ይዞት የመጣው ትልቅ ነገር ምግቡ አልነበረም። ትልቁ ነገር የመቀመጫው ሕግ ነበር። በዚህ ቤት ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይቀመጣል፤ የከፈለ ይበላል፤ ሹሙና ሾፌሩ፣ ነጋዴውና ተማሪው በአንድ አግዳሚ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች ከአንድ ድስት የሚበሉበት ገበታ እነሆ ተገኘ። ለትንሿ ከተማ ይህ ከመብራትና ከስልክ የማያንስ ለውጥ ነው።

ነገር ግን ይህ ሕግ በእውነት ለሁሉ ሠርቷልን? ጥያቄው ከምግቡ ራሱ ይጀምራል። የካፋ ገበሬ ዋና ምግብ ቆጮ ነው። እንሰት ተተክሎ ለዓመታት ይቆያል፤ ሴቶች ይፍቁታል፤ በጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል፤ በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል። ድርቅን የሚችል፣ በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚመካበት ተክል ነው። በካፋ ከተሞች ውስጥ ወደ ምግብ ቤት ለገባ እንግዳ በአብዛኛው የሚቀርብለት ግን እንጀራ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ድል ከሆኑ በኋላ ከሰሜን የመጡት ወታደሮችና ሹማምንት በየከተማው ሰፈሩ፤ እንጀራም የከተማና የደመወዝተኛ ምግብ ሆነ፤ ቆጮ ግን የገጠርና የቤት ምግብ ሆኖ ቀረ። ይህ የምግቡ ጉድለት አለመሆኑን ለማወቅ አዲስ አበባን መመልከት ይበቃል። ጉራጌዎች ቆጮን ከክትፎ ጋር በክብር ባቀረቡበት ምግብ ቤት ትልልቅ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። በካፋ ዓመታት የኖረ ሠራተኛ ቆጮውን፣ በኮረሪማና በጥምዝ የተቀመመውን ወጥ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን መጠጥ ሳይቀምስ ቢመለስ፣ በአገሩ ኖረ እንጂ አገሩን አላወቀም።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ግን የሰው ጉዳይ ነው። ስለ ቢታ ገነትም ሆነ ስለ ሌሎቹ የካፋ ከተሞች ገበታ ሲነገር ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በካፋ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። ጥንት በአደን ይኖሩ ነበር፤ በኋላ ዘመን ብዙዎቹ በእርሻ፣ እንዲሁም ማገዶና ከሰል ወደ ከተማ አምጥቶ በመሸጥ ይተዳደራሉ። እነዚህ ወገኖች ከሌላው የካፋ ሕዝብ ጋር አብረው እንዳይበሉ፣ በቤቱ እንዳይገቡ፣ እንዳይጋቡ ተከልክለው ኖረዋል። ምግብ ቢሰጣቸው ከደጅ፣ በቅጠል ላይ ወይም ለእነርሱ ብቻ በተለየ ዕቃ ነበር። ገዛኸኝ ጴጥሮስ ስለ ካፋ ያጠኑት ጽሑፍ፣ ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት በኢትዮጵያ ስለ ተገለሉ ወገኖች ባሰባሰቡት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም ይህንኑ አረጋግጠው ጽፈዋል።

እንግዲህ የምግብ ቤቱን ጓዳ ማየት ያስፈልጋል። ወጡ የሚሠራው በማገዶ ነው፤ ቡናው የሚፈላው በከሰል ነው። ማገዶውን ከደን ተሸክሞ ከሌሊት ጀምሮ የተጓዘው ሰው ማንጆ ሊሆን ይችላል። ሸክሙን በጓሮ በኩል ያራግፋል፤ ዋጋውን ይቀበላል፤ ከዚያም ከተማዪቱ የምትበላበትን እሳት አንድዶ ሲያበቃ፣ ወደ ገበታው ሳይቀርብ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በደብተሩ ዕዳው የተጻፈበት ደመወዝተኛ በወንበር ተቀምጧል፤ ከማንም ያልተበደረውና ላቡን ሸጦ ገንዘቡን በእጁ የያዘው ሰው ግን በውጭ ነው። «የከፈለ ይበላል» የተባለው ሕግ የሚፈርሰው በዚህ ቦታ ነው።

ለዚህ ልማድ ሲሰጥ የኖረው ምክንያት የምግብ ምክንያት ነው። ማንጆዎች ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ፣ ስለዚህ ንጹሓን አይደሉም ይባል ነበር። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ያንን ምግብ ከተዉ፣ አያሌዎቹም ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ መገለሉ ወዲያው አልቀረም። ከዚህ የሚታየው፣ ምክንያቱ ቢወገድም ልማዱ በራሱ እግር ቆሞ መቀጠሉን ነው። የተከማቸውም ቅሬታ በ1994 ዓ.ም. በካፋ ደም ወደ አፋሰሰ ግጭት ደርሷል። በገበታ የተጀመረ ንቀት ከገበታ ላይ ብቻ እንደማይቀር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህን የካፋ ብቻ ነውር አድርጎ መቁጠር ግን ስሕተት ይሆናል። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ጉማሬ ይበላሉ ተብለው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ሲገለሉ ኖረዋል። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው በሰሜንም በደቡብም በስድብ ስም ተጠርቷል፤ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጡን የሚበላው ሰው ሸክላ ሠሪዋን ከገበታው አያቀርባትም ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ እንዲቀር ያዘዙት ነገሩ በመላው አገር የተስፋፋ ስለ ነበረ ነው። ሌላውም ዓለም ከዚህ የጸዳ አይደለም። በደቡብ ህንድ በታሚል ናዱ ገጠሮች፣ ዝቅተኛ ተብለው ለሚቆጠሩት ሰዎች በሻይ ቤት የተለየ ብርጭቆ ይቀመጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

በአሜሪካም በግሪንስቦሮ ከተማ አንድ ትልቅ መደብር ጥቁሮችን ሳሙናና ደብተር ይሸጥላቸው ነበር፤ በዚያው መደብር ውስጥ ባለው የምግብ ጠረጴዛ ግን አያስተናግዳቸውም ነበር። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. አራት ጥቁር ተማሪዎች ከዕቃ መሸጫው ጥቂት ነገር ገዝተው፣ ደረሰኛቸውን እንደ ያዙ በምግቡ ጠረጴዛ ተቀመጡና ቡና እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ገንዘባችንን በአንዱ ጠረጴዛ ከተቀበላችሁ በሌላው ስለ ምን ትከለክላላችሁ? የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎች አያሌዎች ተከተሏቸው፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር መደብሩ ጥቁሮችን በዚያ ጠረጴዛ ማስተናገድ ጀመረ። በካፋ ማገዶውን የሚገዛ፣ ባለማገዶውን ግን የማያስቀምጥ ቤት ቢኖር የሚቀርብለት ጥያቄ ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ ሕጉ አስቀድሞ ተጽፏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ትምህርት ቤቱ የሁለቱንም ወገን ልጆች በአንድ አግዳሚ አስቀምጧል፤ በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያንም አብሮ መብላት ተጀምሯል። ዛሬ ነገሩ እንደ ቀድሞው አይደለም። ይሁን እንጂ ሕግ የሰውን ልጅ እስከ በሩ ያደርሰዋል እንጂ ወንበር ስቦ አያስቀምጠውም። ወንበሩን የሚስበው በቤቱ ያለ ሰው ነው።

በዚህ ላይ ባለቤቲቱን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። እርሷ የምትኖረው በደንበኞቿ ፈቃድ ነው። ማንጆውን ባስቀመጠች ቀን ሌሎቹ ተነሥተው ቢወጡ ጓዳዋ ይዘጋል፤ ልጆቿ ይራባሉ። እርሷን ሊያጸናት የሚችለው በወር ኮንትራት የሚበላው ደመወዝተኛ ነው። ቤቱ በእርሱ ሒሳብ ይቆማል፤ በከተማውም ዘንድ ይከበራል፤ ከሌላ አገር ስለ መጣም የአካባቢው ልማድ እንደ ተወላጁ አያስረውም። የመምህሩ ወይም የሐኪሙ ወንበር በዚያች ትንሽ ቤት ውስጥ ትልቅ ሥልጣን አለው፤ ጥያቄው ሥልጣኑን በምን ይጠቀምበታል የሚለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ቢታ ገነትም ሆነ ወደ መሰሎቿ ከተሞች የሚመደብ የማኅበሩ አባል ሦስት ነገር ቢያስብ መልካም ነው። አንደኛ፣ የደብተሩን ዕዳ ከፍሎ ይሂድ፤ ያቺ ሴት ያመነችው ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ሙያውን ነውና። ሁለተኛ፣ እንጀራውን ሲበላ ቆጮውንም ይጠይቅ፤ ደንበኛ የጠየቀውን ምግብ ባለቤቲቱ ከጓዳ ማውጣቷ አይቀርም፤ የአገሩም ሰው ምግቡ በከተማ ገበታ ሲከበር ያያል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ማገዶ ይዞ የመጣው ሰው በጓሮ ቆሞ ባየው ጊዜ፣ «ኑ፣ አብረን እንብላ» ብሎ ከጎኑ ያስቀምጠው። ለዚህ ስብከት አያስፈልግም፤ የሁለት ሰው ምሳ ሒሳብ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን የሚያጉረመርም ይኖራል፤ ምናልባትም ወንበሩን ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሚያርቅ ይገኛል። እንግዳው ራሱ አፍሮ ወይም ፈርቶ እንቢ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ አለማስጨነቅ፣ በማግስቱም እንደገና መጥራት ይገባል። ዕድሜ ልኩን በደጅ የቆመ ሰው በአንድ ጥሪ ወደ ውስጥ አይገባምና።

ምግብ ቤት መልካም ነው የሚባለው በምኑ ነው? አንዳንዱ በቅቤው ይለካዋል፤ ሌላው በንጽሕናው፤ ሦስተኛው በዋጋው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ መለኪያዎች ናቸው። ነገር ግን የትንሿ ከተማ ምግብ ቤት ለአገሩ ያመጣው ትልቁ ስጦታ፣ ዘመድ ያልሆነውን ሰው ከዘመድ እኩል ማስቀመጡ ነበር። ይህ ስጦታ ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ከተከለከለ ቤቱ በመጋረጃ ተከልሎ የሚበላበት የድሮው አዳራሽ ሆነ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጣራው ቆርቆሮ መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዳ ወደ ምግብ ቤት ሲገባ፣ «ምን አለ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ከእጁ መታጠብ በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ ቢጨምር ግን፣ በዚያች ትንሽ ቤት ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር፤ ይኸውም፣ «በደጅስ ማን አለ?» የሚለው ነው።